የማክሰኞው ገጽ

የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ ከኮሌጁ ጣሪያ የቀረው ጠፈጠፍ በድንጋዩ መተላለፊያ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከተማው እንደ ሐዘን ቤት ዝም ብሏል፤ ሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው ከፍተዋል፤ አውቶቡሶች ግማሽ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ያልፋሉ፤ በምክር ቤቱ አደባባይ የረገፈው መስታወት ገና አልተጠረገም። ትናንት ማክሰኞ፣ ምርጫውን ያራዘመውን አዋጅ ለመቃወም ተማሪዎች የወጡት ሰልፍ በመፈክር ተጀምሮ በድንጋይና በዱላ አልቆ ነበር።

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በዋናው በር ገቡ። ዘበኛው ሰዓቱን ሳያይ ባርኔጣውን አነሣ፤ እሳቸው ሲገቡ ሰዓት ማየት ትርፍ ሥራ ነው። በዚህ በር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሰዋል። ሲሾሙ ኮሌጁ አራት ክፍልና አንድ የሚያፈስ ጣሪያ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የኬሚስትሪ ቤትና ሁለት መቶ ሰባ ተማሪ አለው። ሰባት የትምህርት ሚኒስትሮች ሲሾሙና ሲሻሩ አይተዋል፤ ሰባቱንም በአንድ ዓይነት ሰላምታ ተቀብለው በአንድ ዓይነት ሰላምታ ሸኝተዋል። የማንንም ልጅ በአማላጅ አላስገቡም፤ የማንንም ልጅ በቂም አላስወጡም።

ይህን ሁሉ ያቆመው አንድ ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ መዝገብ። በየጠዋቱ በሁለት ሰዓት ደወል ይደወላል፤ ደወሉ ሲቆም መምህሩ በሩን ይዘጋል፤ የቀሩትን ተማሪዎች ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ይልካል። ፕሬዚዳንቱ ዘጠኙን ብጣሾች በዚያው ዕለት በገዛ እጃቸው በትልቁ ጥቁር መዝገብ ላይ ገልብጠው ከግርጌው ይፈርማሉ። በመዝገቡ ላይ ከእሳቸው በቀር ማንም አይጽፍም። ብጣሽና መዝገብ ካልተስማሙ የሚጸናው መዝገቡ ነው። ሌላም ሕግ ነበረው፤ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው፤ መዝገቡ ምክንያት አይጽፍም። አባቱን የቀበረውም፣ እንቅልፍ የጣለውም እኩል ቀሪ ነው፤ አሥር ቀን የቀረ ፈተና አይቀመጥም። ተማሪዎቹ «አባ መዝገብ» ይሏቸዋል። ስሙን ሰምተውታል፤ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ሳይወዱት አልቀሩም።

ሰልፉን አልፈቀዱም። ሰኞ ዕለት ተማሪውን አዳራሽ ሰብስበው፣ «ነገ ትምህርት አለ፤ የወጣ ከመዝገቤ አያመልጥም» ብለው ነበር። ማክሰኞ ግን እሳቸው ራሳቸው ወደ ሚኒስቴር ተጠርተው ቀኑን ሙሉ በእንግዳ መቀበያ ወንበር ላይ ሲጠብቁ ዋሉ። ስለዚህ የማክሰኞ ብጣሾች ሳይገለበጡ በመሳቢያቸው አደሩ፤ በመዝገቡ ገጽ ላይ ከቀኑ በቀር የተጻፈ አልነበረም።

ቢሮው በር ላይ ጸሐፊያቸው ቆማ ጠበቀቻቸው። ሃያ ዓመት አብራቸው የሠራች፣ ቀጭን፣ አንደበቷ የማያርፍ ሴት ናት።

«ጌታዬ፣ ከጸጥታ መሥሪያ ቤት አንድ ሻለቃ መጥተዋል። ወንበር ይያዙ ብላቸው የእርስዎን ያዙ።»

ፕሬዚዳንቱ ገቡ። ሻለቃው እሳቸውን ሲያይ ብድግ አለ፤ መነሣቱን ያወቀው ከተነሣ በኋላ ነው። ጆሮው ቀላ።

«ደህና አደሩ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት። ሳይረሱኝ አልቀሩም።»

«አልረሳሁዎትም። ሦስተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ጥግ።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው።»

«ሆነው።»

ሻለቃው ጓንቱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲህ ጉዳዬ አጭር ነው። ትናንት ማን እንደወጣ ለማወቅ በየትምህርት ቤቱ ስንት ሰው እየባከነ ነው መሰለዎት! ዘበኛ ጠየቅን፣ መምህር ጠየቅን፤ የሚነግረን ሁሉ ይዋሻል። እኔ ግን ይህን ኮሌጅ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። እዚያ መልፋት የለም፣ አንድ መዝገብ አለ፣ እሱ አይዋሽም አልኳቸው።»

«ቀሪ ሁሉ ሰልፈኛ አይደለም።»

«መዝገቡ ምክንያት አይጽፍም» አለ ሻለቃው። «ከማን የተማርኩት ይመስልዎታል?»

ውጭ ደወሉ ተደወለ፤ ሁለቱም እስኪያልቅ አዳመጡት።

«ትናንት አንድ ወታደር በድንጋይ ተመትቶ ዓይኑ ፈስሷል» አለ ሻለቃው፤ አሁን ድምፁ ፌዝ የለበትም። «ሃያ ዓመቱ ነው። ማንበብ አይችልም። እንግዲህ እሱንም ያስቡልን።»

«አስባለሁ። ስማቸው የተሰጠ ልጆች ምን ይሆናሉ?»

«ይጠየቃሉ።»

«ባለፈው ዓመት ከቴክኒክ ትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት ልጆች ተወስደው ነበር።»

«አዎን። ተጠይቀዋል።»

«እስካሁን ነው የሚጠየቁት?»

ሻለቃው ቆቡን አጠለቀ። «በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ። የማክሰኞው ገጽ በእጅዎ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ይጠብቀኝ። የሌላ ሰው እጅ አልቀበልም። በሩ ላይ ሁለት ወታደር ትቻለሁ፤ ወረቀት እንዳይወጣ ነው፤ ሰው እንደልቡ ይግባ ይውጣ።»

ሲወጣ ጸሐፊዋን አልፎ ሄደ፤ ቆቡን አላነሣላትም።

ፕሬዚዳንቱ መሳቢያቸውን ከፍተው ዘጠኙን ብጣሾች በጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ጸሐፊዋ ሳትጠራ ገብታ ከትከሻቸው በላይ ታነብ ጀመር። አርባ ሦስት ስም ነበር።

«ይቺ» አለች ጣቷን አንዱ ስም ላይ አድርጋ፤ «ይቺ እኮ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ነው። ዛሬ ጠዋት ጉንጯ ዳቦ አክሎ አይቻታለሁ። ይሄ ደግሞ አባቱ ከሞተበት ሳምንቱ ነው።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት ወጥተዋል» አለች። «ምን ይዋሻል።»

ብጣሾቹን በመዳፏ ሸፈነቻቸው።

«ጌታዬ፣ ብጣሾቹ ጠፉ ቢሉትስ?»

«በሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልጠፋ ብጣሽ፣ በዚህ ቀን ዘጠኙም ይጠፋል?»

«እንግዲያው ማንም አልቀረም ብለው ይጻፉ።»

«መምህራኑን አንድ በአንድ ይጠራል። ባዶ ወንበር ያየ ሰው፣ ሙሉ ነበር ብሎ ስንት ጥፊ ይችላል? ከዘጠኙ ስምንቱ ቢችል፣ አንዱ ይበቃል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለች። እጇን ከብጣሾቹ ላይ አነሣች። «አርባ ሦስት ልጅ በገዛ እጅዎ ጽፈው ሊያስረክቡ ነዋ። እንደዚህ ከሆነስ እኔ ብዕርዎን ቀለም አልሞላም።»

ቀለም መሙላት የእሷ ሥራ ነበር። ወጥታ በሩን ዘጋችው፤ ከወትሮው ጠንከር አድርጋ።

በአራት ሰዓት ተኩል፣ በረፍት ጊዜ፣ የወንድማቸው ልጅ መጣች። ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱ በቤታቸው ያደገች፣ አሁን በኮሌጁ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች ልጅ ናት። በመካከላቸው ያልተጻፈ ውል ነበር፤ ቤት ውስጥ «አባባ» ትላቸዋለች፤ ግቢ ውስጥ እንደማንኛውም ተማሪ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች፤ ቢሯቸውን ረግጣው አታውቅም።

«አባባ» አለች በሩ ላይ።

«እዚህ አባባ የለም።»

«እሺ። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ወታደሮቹ ምን ሊወስዱ እንደቆሙ ግቢው በሙሉ አውቋል።»

«አንቺን አይመለከትሽም። ማክሰኞ ክፍል ነበርሽ፤ ስምሽ የለም።»

«እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው።» ገባችና በሩን ዘጋች። እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ እንደ ተከሳሽ ቆመች። «ከጓደኞቼ ጋር እስከ በሩ ሄጄ ነበር። እነሱ ወጡ፤ እኔ ተመለስኩ። ወታደር ፈርቼ እንዳይመስልዎ። መዝገብዎን ፈርቼ ነው። ራት ላይ ፊትዎን ማየት ፈርቼ ነው።»

«ደግ አደረግሽ። ዛሬ ትኖሪያለሽ።»

«እኔ እኖራለሁ። ጎበዝ ተማሪ፤ ያልቀረች። እነሱስ?»

«ሰኞ ዕለት ነግሬያቸዋለሁ። እዚያው ነበርሽ፤ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። እነሱም ሰምተዋል። ከአዳራሹ ስንወጣ ምን እንዳሉ ያውቃሉ?» አላለቀሰችም፤ ልቅሶ እሳቸው ፊት ዋጋ እንደሌለው ታውቃለች። «‹አባ መዝገብ ይጽፈናል እንጂ አይሰጠንም› አሉ። እየሳቁ ነው ያሉት። አምነውዎት ነው የወጡት።»

ፕሬዚዳንቱ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«ሂጂ። ደወል ሊደወል ነው።»

ሄደች። እሳቸው ተነሥተው መስኮቱ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ መስኮት የሁሉም ክፍል በር ይታያል። ልጅቷ በግቢው መካከል በሩጫ ስትሄድ፣ ደወሉ ሲጀምር፣ ደወሉ ሳያበቃም በሯን ስትገባ አዩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ሲሮጡ ያዩት ከዚህ መስኮት ነው። የሚሮጡት ትምህርት ናፍቋቸው ይመስላቸው ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። በመሳቢያው ታች ኮሌጁ ሲመሠረት የወጣው ደንብ ነበር፤ ሲያነቡት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የሚፈልጉትን አንቀጽ በቃላቸው ያውቁታል። ፕሬዚዳንቱ በቂ ምክንያት ሲያገኝ በገዛ ትእዛዙ ኮሌጁን ለአንድ ቀን መዝጋት ይችላል፤ ትእዛዙ በመዝገብ ይጻፋል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሠርተውበታል፤ አንዴ የምሥራቁ ጣሪያ የተናደ ጊዜ፣ አንዴ ወረርሽኝ የገባ ጊዜ።

ትምህርት በሌለበት ቀን ቀሪ የለም።

ቁጭ ብለው ነገሩን አገላበጡት። እንዲያ ተብሎ ቢጻፍ ልጆቹ ትምህርት ትተው አልወጡም ማለት ነው፤ የለቀቃቸው አለ ማለት ነው፤ የለቀቃቸውም በዚያው ገጽ ግርጌ ፈርሟል። ይህን ለማየት ብዙ መማር አያስፈልግም።

በስድስት ሰዓት ተኩል መምህራኑ በማረፊያ ክፍላቸው እንዲሰበሰቡ አዘዙ። ዘጠኙም መጡ። ፕሬዚዳንቱ ዘጠኙን ብጣሾች ይዘው ገብተው ለየባለቤቱ አደሉ፤ ልክ የፈተና ወረቀት እንደሚመለስ።

«በመዝገብ የማይገባ ወረቀት በእኔ ዘንድ አይቀመጥም» አሉ። «ማክሰኞ ኮሌጁ ተዘግቶ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ትእዛዙም በቃል ነበር።»

መምህራኑ ተያዩ። ከሁሉ ያረጀው የሒሳብ መምህር፣ በከዘራው ተደግፎ፣ ሲጋራውን ከከንፈሩ አነሣ።

«ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ታዲያ እኔ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስተማርኩት ግድግዳ ነው?»

«ከሌላው ቀን ምን ለየው?» አለ የኬሚስትሪው መምህር።

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

«ይህን የሚሉን እንድንመሰክርልዎ ነው?» አለ ከወጣቶቹ አንዱ፤ የታሪክ መምህሩ ነው፤ ካገባ ዓመት ተኩል ሆኖታል። «ከሆነም ይጠይቁን እንጂ እንዲህ አይንገሩን።»

«ብጠይቅህ አድማ ነው፤ አንተም ያድማው ተካፋይ ነህ። እኔ ግን ማንንም አልጠየቅሁም፤ ነገርኳችሁ። ለሚጠይቃችሁ ‹ፕሬዚዳንቱ ዘግቼ ነበር ብለውናል› በሉ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ አሁን ብያችኋለሁ።»

የሒሳብ መምህሩ ብጣሹን ጠቅልሎ የኪሱን ክብሪት አወጣና ሁለተኛ ሲጋራ ለኮሰበት። የኬሚስትሪው መምህር ቀዳደደው። ሌሎቹም በየመንገዳቸው አስወገዱት። የታሪክ መምህሩ ግን ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

«እኔ ሕፃን ልጅ አለኝ» አለ፤ ማንንም ሳያይ።

«አውቃለሁ» አሉ ፕሬዚዳንቱ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ።

ቢሮ ሲደርሱ ብዕራቸው ቀለም ተሞልቶ፣ ተጠርጎ፣ በመዝገቡ አጠገብ ተጋድሞ አገኙት። ጸሐፊዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትተይብ ነበር፤ በር ላይ ሆና ስንት እንደሰማች አልጠየቋትም።

የሚጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አልጻፉትም። ብዕሩን ያነሡታል፤ ያኖሩታል። ሰው በስድሳ ስድስት ዓመቱ ሌብነት ቢጀምር እንዲህ ነው የሚሆነው ብለው አሰቡ፤ የቤቱን በር ሁሉ ያውቃል፤ ግን በየት እንደሚገባ አያውቅም። ያልፈቀዱትን ሰልፍ እንደፈቀዱ አድርገው ሊጽፉ ነው። የዚያ ወታደር ዓይንም በዚሁ መስመር ላይ ተደምሮ በእሳቸው ስም ይቆማል። ይህንንም ቆጠሩት፤ ከቆጠሩት በኋላ ብዕሩን አነሡ።

«ማክሰኞ። ኮሌጁ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተዘግቶ ዋለ። ትምህርት አልነበረም፤ ቀሪም የለም።»

ፈረሙ፤ በመምጠጫ ወረቀት ተጫኑት፤ ገጹን ገልጠው የረቡዕን ቀሪዎች፣ ሁለት ስም፣ እንደ ወትሮው ጻፉ።

ልክ በአሥር ሰዓት ሻለቃው መጣ። በዚህ ጊዜ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፕሬዚዳንቱ መዝገቡን አዙረው ወደ እሱ ገፉት። አነበበ። ወደ ኋላ ገልጦ ሰኞን አየ፤ ወደ ፊት ገልጦ ረቡዕን አየ፤ እንደገና ወደ ማክሰኞ ተመለሰ። ከዚያ ከደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ብጣሽ አወጣና ዘርግቶ በመዝገቡ ላይ አኖረው። ስድስት ስም ነበረበት፤ ፊርማውም ከታች።

«ይህስ?»

ፕሬዚዳንቱ አዩት።

«ብጣሽ ነው።»

«ተፈርሟል እኮ!»

«ተፈርሟል። ሻለቃ፣ እርስዎ እዚህ ተምረዋል። ብጣሽና መዝገብ ሲጣሉ የሚጸናው የትኛው ነው?»

ሻለቃው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ጠረጴዛ ፊት፣ ብጣሽ ይዞ ቆሞ ነበር። ደወሉ ሲቆም በሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ መምህሩ አዝኖ አስገባው፤ ስሙንም በብጣሹ ላይ ሳይጽፍ ተወለት። መዝገቡ ግን ቀሪ አለው። አሥረኛው ነበር። ፈተና ሳይቀመጥ ቀረ፤ ዓመቱ አለፈ፤ ሌላ ዓመት የሚያስተምረው አልነበረምና ወታደር ቤት ገባ። ያን ጊዜ ለልመናው የተሰጠው መልስ አንድ ቃል ነበር።

«መዝገቡ» አለ ሻለቃው።

«እንግዲህ መዝገቡ ያው ነው።»

«ያን ዕለት ሦስት እርምጃ ነበር የቀረኝ።»

«ሁለት። መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር።»

ሻለቃው ቀና አለ። «ስሮጥ እያዩኝ ነው የጻፉት?»

«እያየሁ ነው።»

«ለሁለት እርምጃ አልዋሹልኝም። አሁን ለዚህ ሁሉ ሰው፣ ለዚያውም የሰው ዓይን ላጠፉ...» አልጨረሰውም። ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። «አሥራ ስምንት ዓመት ስንት ጊዜ ረግሜዎታለሁ መሰለዎት! ግን አንድ ቀን ውሸታም ብዬዎት አላውቅም። ያጽናናኝ የነበረው እሱ ነው። ሁሉን በአንድ ዓይን ነው የሚያየው እል ነበር።»

«በደልኩዎት» አሉ ፕሬዚዳንቱ። «ያን ጊዜ ነው የበደልኩዎት፤ ዛሬ አይደለም።»

ሻለቃው ተቀመጠ፤ ድምፁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ።

«ይህ መስመር ምን እንደሚያደርግዎት ገብቶዎታል? በሰልፉ ቀን ትምህርት ቤት ዘግቶ ተማሪ ያሰማራ ሰው ነዎት። ለአለቆቼ ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድ ፕሬዚዳንት ይበልጥባቸዋል። ይዤዎት ልሄድ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ይቅደዱት። ፊቴን አዞራለሁ። ሌላ ይጻፉ።»

«ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ ሻለቃ።»

ሻለቃው ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። ብጣሹን አንሥቶ እንደገና አራት ላይ አጠፈው፤ ለጥቂት ጊዜ በጣቶቹ መካከል ያዘውና በመምጠጫው ወረቀት ሥር ሸጎጠው። መዝገቡን ዘግቶ በብብቱ ያዘ። «እንሂድ።»

«ለደወል ሰባት ደቂቃ ይቀራል» አሉ ፕሬዚዳንቱ። «አሁን ከወጣን ልጆቹ በመስኮት ያዩናል። ሁከት ይነሣል፤ በሩ ላይ ደግሞ ወታደሮች አሉ።»

ሻለቃው ሰዓቱን አየ። እውነት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰባት ደቂቃ ጠበቁ። ደወሉ ተደወለ፤ ተማሪው በኋለኛው በር ወደ ሜዳው ፈሰሰ፤ ግርግሩ እስኪርቅ ቆዩ፤ ከዚያ ተነሡ።

ጸሐፊዋ ኮታቸውን ይዛ ቆማ ነበር።

«ጌታዬ፣ ነገ ማን ይጽፋል?»

«አዲስ መዝገብ ያውጡና እርስዎ ይጻፉ።»

«የእኔ እጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው፤ ያውቁታል።»

«ያቺን ጥርሷን ያመማትን ልጅ...» ብለው ቆም አሉ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። «ዳግም ብትቀር ምክንያቷን ይጠይቋት። አጠገቡ ይጻፉላት።»

ጸሐፊዋ ራሷን ነቀነቀች። መናገር አቅቷት የታየችው በሃያ ዓመት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ክስ ሳይመሠረትባቸው አሥራ አራት ወር ታሰሩ። ከተማሪዎቹ አንድም አልተወሰደም። መምህራኑ አንድ በአንድ ተጠርተው «ዘግቼ ነበር ብለውናል» አሉ፤ ማክሰኞ ዕለት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተማረው ሁለት መቶ ሃያ ሰባት ተማሪም የተማረውን አልተማርኩም አለ። የታሪክ መምህሩ በሚቀጥለው ወር ሥራ ለቅቆ ሄደ፤ ማንም አልሸኘውም፤ ማንም አልሰደበውም። ሻለቃው የማዕረግ ዕድገት አገኘ፤ ኋላም ከዚያ መሥሪያ ቤት በገዛ ጥያቄው ተዛውሮ በአንድ የጠረፍ ጦር ሰፈር ወታደሮችን ፊደል ማስተማር እንደጀመረ ይወራል፤ ለማረጋገጥ የሞከረ ግን የለም።

ፕሬዚዳንቱ ከእስር ወጥተው በወንድማቸው ልጅ ቤት ሦስት ዓመት ኖሩና ሞቱ። እሷ መምህርት ሆና ነበር። ስለዚያ ቀን ብትጠይቃቸው «የተጻፈው ተጽፏል» ከማለት በቀር ምንም አልመለሱላትም።

ያን ጊዜ የነበረው መንግሥት ጋዜጣ «ወጣቱን ለአመፅ ያሰማራ ምሁር» ብሎ ጽፏቸው ነበር። ያ መንግሥት ወድቆ ሌላ ሲተካ፣ አዲሱ ጋዜጣ ነገሩን አልለወጠም፤ ቃሉን ብቻ ለወጠ፤ «ወጣቱን ለነጻነት ያሰለፈ ጀግና» አላቸው። አዳራሹ በስማቸው ተሰየመ። በምረቃው ዕለት ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች እየተነሡ፣ ፕሬዚዳንቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሰልፉ ግንባር ሲሄዱ በዓይናችን አይተናል ብለው መሰከሩ። የወንድማቸው ልጅ ተነሥታ፣ «ሰልፉን አልፈቀዱትም ነበር፤ ከልክለውን ነበር» አለች። ሰዉ ትሕትና መስሎት አጨበጨበላት። ዓይኑ የጠፋውን ወታደር በአሮጌውም በአዲሱም ጋዜጣ ስሙን ያነሣው የለም።

መዝገቡ ከጸጥታ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ተገኝቶ ዛሬ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ማክሰኞ ላይ ተገልጦ ተቀምጧል። ያ ሰው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ እውነት ጽፏል፤ ያን ሁሉ ገጽ የሚገልጥ የለም። የሚታየው አንዱ ገጽ ነው። ጎብኚው ቆሞ ሁለቱን መስመር ያነብባል፤ ያነበበውንም ያምናል፤ ጸሐፊው በዕድሜው ሐሰት ጽፎ አያውቅም ብለው አስቀድመው ነግረውታልና።